ማን ነገረህ?



ሁለት ወዳጆች ሲገናኙ ሰላምታውን ተከትሎ የሚመጣው ጥያቄ የታወቀ ነው፤ «ምን አዲስ ነገር አለ?» ይባባላሉ። ሶማሌ ወገኖቻችን ደግሞ ሰላምታውንና ወሬውን አንድ አድርገው «ኢስካ ወረን» ይላሉ፤ ስለ ራስህ ንገረኝ፣ ወሬህን አሰማኝ እንደ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚወራው ብዙውን ጊዜ ትልቅ ጉዳይ አይደለም። እገሌ ታሟል፣ የእገሊት ልጅ ኒካሕ ታስሮላታል፣ ዘይት ጨምሯል፣ የእገሌ ልጅ ከጂዳ መጥቷል፣ እነ እገሌ ቤት ለቀዋል የሚል ነው።

ይህ ዓይነቱ ወሬ ተንቆ የሚታለፍ አይደለም። የታመመ የሚጠየቀው፣ ጀናዛ የሚሸኘው፣ የተቸገረ የሚረዳው፣ የተጣላ የሚታረቀው አንዱ ለሌላው ስለ ነገረው ነው። አባቶቻችን አንድ ሰራዊት ፈጽሞ መደምሰሱን ሲገልጹ «ወሬ ነጋሪ እንኳ ሳይቀር» ይላሉ። ወሬ የሚያደርስ ሰው መጥፋቱ የጥፋት ሁሉ መጨረሻ ተደርጎ ይታይ ነበር ማለት ነው።

ስለ ሐሜትና ነገር ስለ ማዋሰድ በየመስጂዱና በየጋዜጣው ብዙ ተብሏል፤ ወደፊትም ሊባል ይገባል። እኔ ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት ግን ከዚያ ለየት ያለ ጉዳይ ነው። ክፋት የሌለበት ሰው ለወዳጁ አስቦ፣ እውነት መስሎት የሚያደርሰው ወሬ እንዴት ሐሰት ሆኖ ይገኛል? ሐሰት ሆኖ ከተገኘስ በኋላ ምን መደረግ አለበት? እነዚህን ጥያቄዎች ከታሪክም፣ ከአገራችን ልማድም፣ ከሰፈራችንም ምሳሌ እየወሰድን እንመልከት።

ተራ የገቡት ጎረቤታሞች

ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ከመዲና ወጣ ብሎ በሚገኘው ዐዋሊ በተባለው ሰፈር ይኖሩ ነበር። ከአንሷሮች ወገን የሆነ አንድ ጎረቤት ነበራቸው። ሁለቱም የየራሳቸው ሥራ ስላለባቸው በየቀኑ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ መገኘት አልቻሉም። ስለዚህ ተራ ገቡ፤ አንድ ቀን አንዱ ይወርዳል፣ በማግስቱ ሌላው። የወረደው ሰው በዕለቱ የወረደውን ወሕይና የሰማውን ሌላም ወሬ ይዞ ማታ ለጎረቤቱ ያደርሳል። ይህን ኢማም አል-ቡኻሪ በሶሒሕ መጽሐፋቸው ዘግበውታል።

በዚያ ሰሞን የገሳን ሰዎች መዲናን ለመውጋት ፈረሶቻቸውን እያዘጋጁ ነው የሚል ወሬ ስለ ነበር ሕዝቡ በሥጋት ላይ ነበር። አንድ ቀን የጎረቤትዬው ተራ ሆነና ወርዶ ማታ ሲመለስ የዑመርን በር በኃይል ደበደበ። ዑመር ደንግጠው ወጡና ገሳኖች መጡ ወይ ብለው ጠየቁት። እርሱም ከዚያም የባሰ ነገር መድረሱን፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤቶቻቸውን መፍታታቸውን ነገራቸው።

ወሬው ለዑመር እንደ ማንኛውም ሰው ወሬ አልነበረም። ልጃቸው ሐፍሷ (ረ.ዐ) ከነቢዩ ባለቤቶች አንዷ ናት። ሌሊቱን አሳልፈው ጎሕ ሲቀድ ወረዱ። ሐፍሷን ስታለቅስ አገኟትና ፈቷችሁ ወይ ብለው ጠየቋት። መልሷ አላውቅም የሚል ነበር፤ ነቢዩ በዚያች ከፍ ባለችው ክፍል ውስጥ ብቻቸውን መሆናቸውን ግን ነገረቻቸው። ወደ መስጂድ ሲገቡ ሰዎች በሚንበሩ አጠገብ ተሰብስበው ከፊሎቹ ያለቅሳሉ። ዑመር ከእነርሱ ጋር ጥቂት ተቀመጡ፤ ነገር ግን መቀመጥ አልሆነላቸውም። ወደ ክፍሏ ሄደው በር ላይ ባለው አገልጋይ በኩል ለመግባት ፈቃድ ጠየቁ። መልስ የለም። ተመልሰው ተቀመጡ፤ እንደገና ሄዱ፤ አሁንም መልስ የለም። በመጨረሻ ተፈቀደላቸውና ገቡ። ገና እንደ ቆሙ የጠየቁት ያንኑ ነው፤ ባለቤቶችዎን ፈተዋል ወይ? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቀና ብለው ተመለከቷቸውና አልፈታሁም አሏቸው።

ነገሩ እንዲህ ነበር፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለአንድ ወር ከባለቤቶቻቸው ተለይተው ለመቆየት ምለው ነበር። የተደረገው ይኸው ነው። መዲና ውስጥ የተወራው ግን ፍቺ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። ያ ጎረቤት ውሸታም አልነበረም። ለወዳጁ የገባውን ቃል ጠብቆ፣ በማታ መንገድ ተጉዞ፣ የሰማውን ያለ መደበቅ አድርሷል። መስጂድ ውስጥ የሚያለቅሱትም ቢሆኑ ተንኮለኞች አልነበሩም። ስሕተቱ የገባው በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ ነው። ሰዎች ያዩት መለየትን ነበር፤ መለየቱን ፍቺ ነው ብለው ገመቱ፤ ከዚያም ግምቱን እንደ ወሬ አስተላለፉ። በሁለተኛው ሰው አፍ ላይ ሲደርስ ያየውና የገመተው መለያየታቸው ቀረ።

ከሁሉም ይበልጥ የሚደንቀኝ የሐፍሷ መልስ ነው። ከዚያ ወሬ ለባለቤቱ ከእርሷ የሚቀርብ ማን ነበር? ነገሩ የራሷ ትዳር ነው፤ ስታለቅስ ነው የተገኘችው። ቢሆንም ያልሰማችውን ሰማሁ፣ ያልተነገራትን ተነገረኝ አላለችም። አላውቅም አለችና የሚያውቁትን አመለከተች። ዛሬ በየቡናው ዙሪያ ከጉዳዩ አሥር ቤት ርቆ የሚገኘው ሰው «እኔ ነኝ የማውቀው» ብሎ ሲምል ስንሰማ የእርሷ መልስ ምን ያህል ከባድ እንደ ነበር ይገባናል።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ላይ ዑመር ከክፍሏ ወርደው በመስጂዱ በር ላይ ቆሙና በከፍተኛ ድምፅ የአላህ መልእክተኛ ባለቤቶቻቸውን አለመፍታታቸውን ለሕዝቡ አወጁ። በሱረቱ-ን-ኒሳእ 83ኛው አንቀጽ፣ የደኅንነትም ሆነ የሥጋት ወሬ በደረሳቸው ጊዜ አጣርተው ለሚያውቁት ሳያቀርቡ ስለሚበትኑ ሰዎች የሚናገረው፣ ከዚሁ ጉዳይ ጋር ተያይዞ መውረዱም በዚሁ ዘገባ ተጠቅሷል።

ሊቃውንቱ ያበጁት ሚዛን

ይህን ታሪክ ከዑመር የሰሙት ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ናቸው። ጉዳዩን ከሌላ ሰው ሊሰሙት ይችሉ ነበር። ነገር ግን ከባለቤቱ አፍ ለመስማት ፈልገው፣ የዑመር ግርማ እያስፈራቸው አንድ ዓመት ያህል ቆዩ። በሐጅ ጉዞ ላይ አመቺ ጊዜ ሲያገኙ ጠየቁ። ጃቢር ኢብኑ ዐብዲላህም (ረ.ዐ) አንዲት ሐዲስ ከሰማው ሰው ራሱ ለመስማት ወደ ሻም የአንድ ወር መንገድ ተጉዘዋል።

በኋላ የሐዲስ ሊቃውንት ይህን ልማድ ወደ ዕውቀትነት አሳደጉት። አንድ ዘገባ ሶሒሕ እንዲባል የተናጋሪዎቹ ሰንሰለት ሳይበጠስ መያያዝ አለበት፤ እያንዳንዱ ተናጋሪ በሥነ ምግባሩ የታመነ መሆን አለበት፤ የሰማውን በትክክል የሚይዝ መሆን አለበት፤ ዘገባው ከእርሱ ይበልጥ ከታመነ ዘገባ ጋር የሚጋጭ መሆን የለበትም፤ ውስጡ የተደበቀ እንከንም ሊኖርበት አይገባም። በ256 ዓመተ ሒጅራ የሞቱት አል-ቡኻሪና በ261 ዓመተ ሒጅራ የሞቱት ሙስሊም መጻሕፍታቸውን ያዘጋጁት በእንዲህ ዓይነቱ ሚዛን ነው።

ከእነዚህ ውስጥ ሁለተኛውና ሦስተኛው ተለያይተው መቀመጣቸውን ልብ በሉ። ሰው ደግ፣ ሶላቱን ጠባቂ፣ እጁ ለጋስ ሊሆን ይችላል፤ የሰማውን ግን እያቀላቀለ ያወራል። ሊቃውንቱ እንዲህ ዓይነቱን ሰው ደግነቱን መስክረውለት ዘገባውን አይቀበሉም ነበር። ይህ ስድብ አልነበረም፤ ሥራ ነበር። እኛ ግን ሁለቱን አንድ አድርገን «እርሱ እኮ ጥሩ ሰው ነው፣ አይዋሽም» ብለን ወሬውን እንዳለ እንቀበላለን። አይዋሽም ማለትና አይሳሳትም ማለት አንድ አይደለም።

«ይህ የዑለማ ነገር ነው፤ እኛ ለተራ ወሬ ሰንሰለት ስንቆጥር ልንውል ነው?» የሚል ይኖራል። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆነን በራሳችን አገር፣ መጽሐፍ ባልያዘ እረኛ ዘንድ ይገኛል።

የአፋሮች ዳጉ

አፋር ወገኖቻችን በመንገድ ሲገናኙ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ አንዱ የሌላውን እጅ እየሳመ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። ከዚያ ቸኩሎ መለያየት የለም። ይቀመጡና ዳጉ ይለዋወጣሉ። ዳጉ ማለት የወሬ ልውውጥ ነው፤ ነገር ግን ሕግ ያለው ወሬ ነው። አንዱ ከተነሳበት ቦታ ጀምሮ ያየውንና የሰማውን በቅደም ተከተል ይናገራል። የት ዘነበ፣ የት ሣር አለ፣ የትኛው ኩሬ ደረቀ፣ ከብቱ ምን በሽታ ያዘው፣ በገበያ ፍየል ስንት ዋለ፣ ማን ሞተ፣ ማን ተጣላ፣ ምን ዓይነት እንግዳ ሰው አለፈ፤ ሁሉም ይነገራል። ሌላው ያዳምጣል፣ ይጠይቃል፤ ከዚያ ተራው የእርሱ ይሆናል።

ከዛሬ ጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ ጉዳይ ወደ ሰመራ ስሄድ ሎጊያ ላይ በአንድ ሻይ ቤት ጥላ ሥር ሁለት ሰዎች ዳጉ ሲለዋወጡ ተመልክቻለሁ። አብሮኝ የነበረው የአካባቢው ተወላጅ ያስተረጉምልኝ ነበር። አንደኛው ስለ ጠፋች ግመል ያወራል፤ በአንድ ሥፍራ ታይታለች አለ። ሌላው ወዲያው «አንተ አይተሃታል?» አለው። «አላየሁም፤ ከሚሌ የመጣ የእገሌ ልጅ ነው የነገረኝ» አለ። «እርሱስ አይቷታል?» ሲለው «አዎ፣ ምልክቷን ነግሮኛል» ብሎ ምልክቷን ዘረዘረ። ጠያቂው አልተናደደም፤ ተጠያቂውም አልተቀየመም። ጥያቄው ራሱ የወጉ አካል ነው።

ለምን እንዲህ ይጠነቀቃሉ? ሕይወታቸው በወሬው ላይ የቆመ ስለ ሆነ ነው። በእገሌ ቦታ ዘንቧል የተባለ አርብቶ አደር ቤቱን ጭኖ፣ ልጆቹንና ከብቱን ይዞ የቀናት መንገድ ይጓዛል። ደርሶ ምድሩ ደረቅ ሆኖ ቢያገኘው መመለሻ አቅም የለውም። ስለዚህ በዳጉ የሚዋሽ ወይም የሚያውቀውን የሚደብቅ ሰው ይናቃል፤ እንደ ጥፋቱም በጎሣው ሽማግሌዎች ፊት ይቀርባል፣ ይቀጣል። ያየሁት ይህ ነው፣ የሰማሁት ይህ ነው ብሎ መለየት ለአፋር እረኛ የዕለት እንጀራው ነው። ይህን የሚያደርገው ሰው የሐዲስ ተማሪ ላይሆን ይችላል፤ ሊቃውንቱ ያስቀመጡትን ሚዛን ግን በበረሃ ላይ ይዞ ይዞራል።

ወደ ሰፈራችን ስንመለስ

በከተማ የምንኖረው እኛ ወሬ የተሳሳተ እንደ ሆነ ግመል አይጠፋብንም፤ ከብትም አይሞትብንም። ስለዚህ ጉዳት የሌለው ይመስለናል። አንድ የማውቀውን ልንገራችሁ።

በመርካቶ አካባቢ አንድ ነጋዴ ወንድማችን ሱቁን ለአራት ቀን ዘጋ። እናቱ ገጠር ታምመውበት በሌሊት ተነስቶ ሄዶ ነበር። በመጀመሪያው ቀን የተወራው «ሱቁ ተዘግቷል» የሚል ነው፤ ይህ እውነት ነበር። በሁለተኛው ቀን «ሳይከስር አይቀርም» ተባለ። በሦስተኛው ቀን «ሳይከስር አይቀርም» የሚለው «ከስሯል» ሆነ። በአራተኛው ቀን «የሰው ዕዳ ጥሎ ጠፍቷል» ተባለ። ወሬውን ያደረሱት ጠላቶቹ አልነበሩም፤ አብረውት የሚሰግዱ፣ ቡና የሚጠጡ ወዳጆቹ ነበሩ። አንዱ ለሌላው የነገረውም ዕቃ በዱቤ ሰጥቶት ከሆነ እንዳይጎዳ አስቦለት ነው።

ሰውየው ሲመለስ በዱቤ ዕቃ የሰጡት ሁሉ በር ላይ ቆመው ጠበቁት። የሁለትና የሦስት ወር ጊዜ የነበረውን ገንዘብ ዛሬውኑ አሉት። በእቁቡም የደረሰው ተራ ለሌላ ተላለፈበት። ያለውን ዕቃ ከገዛበት ዋጋ በታች ሸጦ ከፈለ፤ ሱቁም ባዶ ቀረ። ሲጀመር ሐሰት የነበረው ወሬ በመጨረሻ እውነት ሆነ፤ እውነት ያደረጉትም አውሪዎቹ ናቸው። ከእነዚህ ሰዎች ውስጥ አንድ እንኳ «ባለፈው የነገርኳችሁ ስሕተት ነበር» ብሎ ወደ ነገራቸው ሰዎች የሄደ አልሰማሁም። ሁሉም በየፊናው ዝም አለ። ሐሰቱ ሱቅ ለሱቅ ሲሮጥ እርማቱ ከአልጋ አልተነሳም።

በመዲናና በመርካቶ የሆነውን ብናስተያይ መነሻው አንድ ነው። እዚያ መለየት ፍቺ ሆነ፤ እዚህ መዝጋት መክሰር ሆነ። ልዩነቱ እዚያ ወደ ባለቤቱ ሦስት ጊዜ የተመላለሰና፣ እውነቱን ሲያገኝ በመስጂድ በር ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ የተናገረ አንድ ሰው መኖሩ ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ። በ2017 ዓ.ም የመጀመሪያ ወራት በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ በተደጋጋሚ ሲደርስ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፤ በአካባቢው የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችንም ከቀያቸው ተፈናቅለዋል። በዚያ ሰሞን «ዛሬ ሌሊት በዚህ ሰዓት ይመጣል» የሚል ወሬ ከወዳጅ ወዳጅ እየተላለፈ ለእኔም ደርሶኛል። የመሬት መንቀጥቀጥን ቀንና ሰዓት ቆርጦ አስቀድሞ ለመናገር የሚያስችል ዕውቀት እስከ ዛሬ አልተገኘም። እንግዲህ እንዲህ ያለው ወሬ ተናጋሪው ማንም ቢሆን ይዘቱ ራሱን ይመሰክርበታል።

መርዶም እንዲሁ ነው። ቀድሞ መርዶ ማንም ተነስቶ የሚናገረው አልነበረም፤ ይጣራል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ አቅም ያለው ሰው ተመርጦ ይሄዳል። ጀናዛ የማይዘገይ በመሆኑ እኛ ብዙ የምንጠብቅበት ጊዜ እንደሌለን አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ለቀብር ለመጥራት መቸኮልና፣ ሪያድ ወይም ቤይሩት ሰው ቤት ለምትሠራ ልጅ «አባትሽ ሳይሞት አይቀርም» ብሎ በስልክ መልእክት መላክ በፍጹም አንድ አይደሉም። ያቺ ልጅ በሰው አገር፣ የሚያጽናናት በሌለበት፣ ያልተረጋገጠ ለቅሶ ታለቅሳለች።

ምን እናድርግ?

1. ወሬን ከነምንጩ እናድርስ። «ይባላል» ከማለት «እገሌ ነገረኝ፣ እርሱም ያየ አይደለም» ማለት ይሻላል። ስሜን አትጥራ ተብሎ የተነገረንን ክፉ ወሬ ደግሞ ባናደርሰው ይመረጣል፤ ባለቤቱ ያፈረበትን ዕቃ እኛ ለምን እንሸከማለን?

2. ያየነውን ከገመትነው እንለይ። «ሱቁ ተዘግቷል» ያየነው ነው፤ «ከስሯል» ግን የገመትነው ነው። ግምታችንን መናገር ካለብን ግምት መሆኑን አብረን እንናገር።

3. «አላውቅም» ማለትን አንፈር። የነቢዩ ባለቤት በራሷ ትዳር ጉዳይ ያለችውን እኛ በሰው ትዳር ጉዳይ ብንል አያሳንሰንም።

4. የሰው ክብር፣ ገንዘብ ወይም ሕይወት የሚነካ ወሬ ከሆነ ባለቤቱን ወይም የቅርብ ሰውን ሳንጠይቅ እግሩን አናንቀሳቅስ። ያ ነጋዴ ስልክ ነበረው፤ የደወለለት አልነበረም። ያን ሁሉ ጥፋት አንድ ጥያቄ ያስቀረው ነበር።

5. እርማቱ ወሬው የደረሰበት ሁሉ ይድረስ። ለአሥር ሰው የነገረ ለአሥሩም ይንገር። ዑመር እውነቱን አውቀው ቤታቸው ገብተው አልተቀመጡም።

ከሁሉም የሚከብደው ግን አንድ ነገር ነው። በእኛ ዘንድ «ማን ነገረህ?» ብሎ መጠየቅ እንደ ንቀት ይታያል። «አላመንከኝም ማለት ነው?» ተብሎ ወዳጅነት ይሻክራል። ስለዚህ በይሉኝታ ዝም እንላለን፤ ዝም ብለን እንሰማለን፤ የሰማነውንም ዝም ብለን አናስቀምጠውም። አባቶቻችን ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ያሉት እኮ ወዳጅን ለመጠርጠር አልነበረም። የሎጊያው ሰው የወዳጁን እጅ ስሞ ነው ጥያቄውን የጠየቀው። በወዳጆች መካከል ይህ ጥያቄ የተለመደ ቢሆን፣ የሚጠየቀውም ሳይቀየም የሚመልስ ቢሆን፣ ብዙ ቤት ሳይፈርስ በቀረ ነበር። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና፣ የሚጠየቅበት ጊዜም ከመውጣቱ በፊት ነው።

ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ ይህን ጽሑፍ አስቀምጠህ ከወዳጅህ ጋር ስትገናኝ፣ «እገሌ እኮ እንዲህ ሆነ አሉ» ሲልህ፣ ፈገግ ብለህ «ማን ነገረህ?» በለው። አንተንም ሲጠይቅህ አትቀየመው።

አላህ (ሱ.ወ) ምላሳችንን ከማናውቀው ነገር ይጠብቅልን፤ ያወቅነውንም በአማና የምናደርስ ያድርገን። አሚን!

ወላሁ አዕለም።